የግራሶው ቆርቆሮ

ሰው የሚፈራውን ነገር ለምን ቤቱ ያስገባል? ባለቤቴን ማለቴ አይደለም፤ እሷ ጋ በኋላ እደርሳለሁ። አሁን የማወራው ስለ መኪናዬ ነው። ሶዶ ውስጥ መኪናዬን የማያውቅ ሰው ካለ ገና ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ የገዛኋት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሲሸጡልኝ “ተራራ ትወጣለች” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ትወጣለች። ስለ መውረዱ እኔም አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የቢሮ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ግን ቱታዬን አጥልቄ መካኒክ እሆናለሁ። ማን ሾመህ አትበሉኝ። ስልኬ ላይ ሰዎች በረሃ መሃል መኪና ፈትተው ሲገጥሙ አያለሁ፤ እሱን አይቼ ስተኛ በሕልሜ እፈታለሁም፣ እገጥማለሁም። በውኔ እስካሁን የተካንኩት መፍታቱን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ገጠምኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሲነሳ ታፏጫለች። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ወንዝ ስሻገር ውሃ እንዳይገባባት ብዬ በጎኗ ወደ ላይ የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ ተከልኩላት። ወንዝ ግን አልሻገርም፤ እፈራለሁ። ቱቦው ሥራ ፈትቶ ከሚቀር ብላ ወፍ ጎጆ ሠራችበት፤ ሞተሩ አየር አጥሮት እንደ ሽማግሌ ሲያስል ነው ያወቅነው።

ይህን ሁሉ የማደርገው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ ጉድ እንዳታደርገኝ ስለምፈራ በየሳምንቱ እነካካታለሁ፤ ስለነካካኋት ደግሞ የባሰ እፈራታለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ለአማቴም ተርፌያለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በጊፋታ ዋዜማ ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ወንዱ ለበሬ ያዋጣል፣ ሴቷ ቅቤ ታጠራቅማለች። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት፣ ከልጅ ደብቃ፣ ከእንግዳ ደብቃ፣ ከሁሉ አብልጣ ከባል ደብቃ ታስቀምጣለች። ቅቤው የት እንዳለ መጠየቅ ነውር ነው። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ባለቤቴ ማርታ አምና በዚሁ በዓል አንገቷን ደፍታ ነበር። ሙቿ ቀርቦ ነበር፤ ያ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ እየራሰ የሚበላው። የእኔ ወገኖች ደግሞ ቅቤ ሲያዩ አያምራቸውም፤ ይወርዱበታል። ሳህኑ ተበላ ከምትባለው የቆላ ከተማ የመጡት እናቷ ጋ ሲደርስ ቅቤው አልቆ ደረቁ ቀረ። እናቷ ደረቁን በሉ። ማርታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት፤ መግባት ፈራሁ። በማግስቱ “የዛሬ ዓመት እናቴ ታያለች” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቅቤ በዓይኔ አላየሁም።

እንግዲህ በዚያ የዋዜማ ቅዳሜ የታዘዝኩት ወደ ተበላ ወርጄ አማቴንና የሰፈሩን በሬ ይዤ እንድመለስ ነው። አማቴን በስማቸው አልጠራቸውም፤ አማት በስም አይጠራም። በሬውን የገዛነው ከእሳቸው ጎረቤት ስለሆነ እሳቸው ጓሮ ታስሮ ይጠብቀን ነበር። አብረውኝ የሚወርዱት ጎረቤቴ ጋሽ ዳና ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና የበሬው ማኅበር ሰብሳቢ።

ጠዋት ላይ የፊት ግራ ጎማዋ ስትሄድ “ኡኡኡ” እንደምትል ትዝ አለኝ። ሰው እንኳ ኡኡ ሲል ይደረስለታል። ወደ ተበላ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው። በክሪክ አነሳኋት፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ኩሽኔታውን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት። ግራሶው ደርቆ አልቋል። ግራሶ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ብረትና ብረት ሲሽከረከሩ እንዳይበላሉ የሚቀባ ወፍራም ቅባት ነው። እሱን ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባሁ።

ይህን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፦ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ማርታ ዳማከሴ አሽታ ሰጥታኝ ሁለቱንም አፍንጫዬን በቅጠል ወትፌዋለሁ። ከሽታ ጋር ከተለያየን ሰንብተናል። ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው። ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ እጄን ስሰድ የግራሶ ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ከባድ ነው። አለቀ ብዬ የጣልኩት ቆርቆሮ እንዴት ሞላ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው መልካም ነገር ሲገጥመው መቼ ይጠይቃል?

ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ሳየው ከላይ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። “ይሄኔ እንኳ እንዴት አልጠረጠርክም?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ወዳጆቼ፣ ያለሁት ወላይታ ነው! ቆጮው በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፣ አይቡ በእንሰት ቅጠል፣ ሥጋው በእንሰት ቅጠል። ግራሶ ምን በደለ? እንዲያውም ባለሱቁን “ጠንቃቃ ሰው ነው” ብዬ አመሰገንኩት። ቅጠሉን ገለጥኩት። ቢጫ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ጣል ጣል ብሎበታል። ፍሬ ያለው ግራሶ አይቼ አላውቅም። አዲስ የወጣ የተሻሻለ ዓይነት ነው አልኩ።

ቀባሁ። አንዱን ጎማ ቀብቶ ሦስቱን ማስቀየም ደግ አይደለም ብዬ አራቱንም ፈትቼ ጠቀጠቅኩበት። ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ ቀባሁ፣ የበር ማጠፊያውን ቀባሁ፣ የኮፈኑን መቆለፊያ ቀባሁ። ቆርቆሮውን ጠራርጌ ጨርሼ ቅጠሉን መልሼ አለበስኩት፤ ክዳኑን ገጥሜም ቦታው አስቀመጥኩት። እኔ ዕቃ የማዝረከርክ ሰው አይደለሁም።

ጋሽ ዳና መጡ። እሳቸው ሳይጸልዩ መኪና አይነሳም። ጸሎታቸው አጭርና ረዥም አለው። አጭሩ ቡና ያበርዳል፤ ረዥሙ ከፍጥረት መጀመሪያ ተነስቶ በነቢያት በኩል አድርጎ ወደ ጉዳያችን ሲደርስ ጉዳዩ ራሱ ያለፈበት ይሆናል።

“አጭሩን ይሁን፣ ጋሽ ዳና” አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “ጌታ ሆይ፣ የዚህን መኪና ጎማ በዘይትህ አለስልስ” አሉ። ከልቤ አሜን አልኩ።

ከግቢ ስንወጣ የሰፈሩ ውሾች ተነስተው ተከተሉን። ውሻ መኪና ሲያባርር ይጮኻል። እነዚህ ግን አይጮኹም። ዝም ብለው ምላሳቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጎማው ላይ ተክለው ይሮጣሉ። ቀና ስል ማርታ መስኮት ላይ ቆማለች። እጄን አውለበለብኩላት፤ አላውለበለበችም።

“ውሻ የሚሞት ሰው ቀድሞ ይሸተዋል ይባላል” አልኩ፣ መሪውን ጨምድጄ።

“የሚሞተው በሬው ነው። እሱ ደግሞ ገና ተበላ ነው ያለው” አሉ ጋሽ ዳና።

መንገዱ መውረድ ሲጀምር ጋሽ ዳና አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ ሰደድ አድርገው፣ “አይ በዓል! ሰው ሁሉ ቅቤ እያነጠረ ነው” አሉ። ትንሽ ሄደን፣ “ይሄም ሰፈር ከሶዶ አይተናነስም” አሉ። ቆላው እየቀረበ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ግራና ቀኝ ቤት የሌለበት፣ ሜዳ ብቻ የሆነ ቦታ ስንደርስ ግን አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላም ወደ ፊትም አዩ።

“እዚህ ደግሞ ማነው የሚያነጥረው?” አሉ።

እኔ ምንም አይሸተኝም። ደግሞም ሌላ ጉዳይ ይዞኛል። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ መኪናዋ አልተቀበለችኝም። አጥብቄ ረገጥኩት፤ ፍጥነቷ እንዳለ ነው። ለካ የቀባሁት ነገር በሙቀቱ ቀልጦ ፍሬኑ ውስጥ ገብቶ ያንሸራትተዋል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። የማውቀው ፊት ለፊቴ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ በታች ኩርባ፣ ከኩርባው ማዶ ደግሞ አየር ብቻ መኖሩን ነው። ማርሹን ወደ ታች እያወረድኩ ሞተሩ እንዲይዛት አደረግሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፖርቶመጋላው ያፏጫል። ስልኬ ጠራ። አየት ሳደርገው ማርታ ናት። አላነሳሁትም። ደግማ ደወለች።

“ምነው ላብህ?” አሉኝ ጋሽ ዳና።

“ጉንፋን ነው” አልኩ።

ኩርባውን ሁለት ጎማችን ጠርዙን እየላሰ ዞርነው። ጋሽ ዳና ያኔ ገባቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉና ረዥሙን ጀመሩ። “በመጀመሪያ ሰማይንና ምድርን የፈጠርህ…” እስኪሉ ሌላ ኩርባ አለፍን። ኖኅ መርከቡ ውስጥ ሳይገባ ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳ ላይ ደረስን፤ እኔም ወደ አማቴ ግቢ ታጠፍኩ። በሩ ላይ የተከመረ የበቆሎ አገዳ ነበር። መኪናዋ ውስጡ ገብታ ቆመች። ጋሽ ዳና “አሜን” አሉ። “የቀረውን ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን” ብለው ወደ ጓሮ፣ ወደ በሬው ሄዱ።

አማቴ ወጡ። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ቆም ብለው አየሩን ሳቡ። መኪናዋን ዞሯት። የጎማው ቸርኬ ላይ ቢጫ ነገር ይንጠባጠባል። በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱ፤ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እሳቸው አማርኛ የሚናገሩት ለገበያና ለእኔ ብቻ ነው፤ ወንድና ሴት ቢቀላቀልባቸውም ሐሳባቸው ተቀላቅሎ አያውቅም።

“ታ ናአው” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። “ይሄ ጎማው ኮረሪማ በላ እንዴ?”

“ግራሶ ነው፣ እማማ።”

“ግራሶው ከየት መጣ?”

“ከዕቃ ቤት። ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።”

“ከላዩስ ምን ነበር?”

“የእንሰት ቅ…”

ቃሉ አፌ ውስጥ ሳለ ገባኝ። ክብደቱ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ ፍሬ፣ ውሾቹ፣ በሜዳ ላይ የሚያነጥረው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። አገዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

“ቅቤው የኔ ላም ነው” አሉ አማቴ። “እኔ ላክሁ፣ ማርታ አነጠረ። ‘ባሌ እጁ የማይደርስበት ቦታ አገኘሁ’ ብሎኝ ነበር። አየ ልጄ!”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ሞትን ነበር። አሁን ግን በሕይወት ቤት መድረስ የባሰ መሰለኝ። ያምናው የጓዳ ለቅሶ ጆሮዬ ላይ መጣ። ማርታ ነገ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ፣ እናቷ ተቀምጠው ቆርቆሮውን ስትከፍት ታየኝ፤ የምታገኘው ቅጠል ብቻ ነው። አፈርኩም፣ አሳዘነችኝም። ይሄኔ ስልኬ ጠራ። አነሳሁት።

“ደረስክ?” አለች ማርታ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

“ደርሻለሁ።”

“እናቴ ደህና ናት?”

“ደህና ናቸው።”

“ጥሩ። ቀስ ብለህ ንዳ” ብላ ዘጋችው። ከተጋባን ጀምሮ ቀስ ብለህ ንዳ ብላኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትለኝ ፈጠን በል ነው።

አማቴ ቤት ገብተው ቆዩ። ሲወጡ በነጠላቸው የሸፈኑትን ማሰሮ አቅፈዋል። ለራሳቸው በዓል ያጠራቀሙት ቅቤ ነው።

“ይሄን ማርታ አይሰማም” አሉኝ። “አምና ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ደረቁን ስበላ ጉሮሮዬን የዘጋኝ ደረቁ አይደለም፣ የልጄ ለቅሶ ነው። ዘንድሮ አያለቅስም።”

“እርስዎስ? ለእርስዎ እንግዳ?”

“እኔ ነገ የልጄ እንግዳ ነኝ” አሉ።

እጃቸውን ልስም ስጠጋ፣ “መጀመሪያ ጎማውን እጠብ” አሉኝ። ከዋናው መንገድ ናፍጣና እውነተኛ ግራሶ ገዝቼ መጣሁ። አማቴ በርጩማ አስመጥተው ጎማው ሥር ተቀመጡ፤ ግራሶውን እኔ ከመንካቴ በፊት እሳቸው አሸተቱት። ፊታቸውን አጨፍግገው፣ “ይሄ የማይበላ ነው። ቀባ” አሉ። ፍሬኑን ፈትቼ እስኪነጣ አጠብኩት። የተበላ ውሾች ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ዙሪያችንን ከበው ሥርዓት ባለው መልክ ይጠብቁ ነበር።

ሽቅቡን ስንመጣ ፍሬኑ ያዘልኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። በሬው ከኋላ ባዘነበለ ቁጥር መኪናዋ ታዘነብላለች። መኪናዋ ባዘነበለች ቁጥር አማቴ ማሰሮውን ያቅፋሉ። ጋሽ ዳና በመሃላችን ተጣበው፣ “ይገርማችኋል፣ አሁንም ቅቤ ይሸተኛል” አሉ። እኔና አማቴ አንድ ላይ፣ “በዓል ነው!” አልን።

ግቢያችን ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውን ሊያይ ወጣ። አማቴ ከተበላ ሳንነሳ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ “አንተ ሰውን ያዝ፣ እኔ ቆርቆሮውን።” ሰውን የያዘልኝ ግን በሬው ነው። አልወርድም ብሎ አራት እግሩን ተከለ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይመክራል፤ እኔም ሥራው እንዳያልቅ በስውር ወደ ተቃራኒው እገፋለሁ። ማርታ ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሰው ሁሉ በሬውን ያያል፣ እሷ እኔን ታያለች። በመጨረሻ አማቴ ከዕቃ ቤቱ በኩል እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። በሬውም የሚጠብቀው እሳቸውን ይመስል ዘሎ ወረደ።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ማርታ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ክዳኑን ከፈተች፣ ቅጠሉን ገለጠች። ሞልቷል። ሙቿው ላይ እያቀለጠች አፈሰሰችው፤ ሳህኑ ዳር እስኪደርስ አፈሰሰችው። የመጀመሪያውን ለእናቷ አቀረበች። አማቴ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አነጥራለሁ? ልጄ በለጠኝ!” አሉ። ማርታ ፊቷ በራ። የእኔ ወገኖች እንደ ልማዳቸው ወረዱበት፤ ዘንድሮ ግን ተረፈ። ተርፌያለሁ አልኩ በልቤ፣ አምላኬ ሆይ ተርፌያለሁ። እኔም ጎረስኩ። ጉንፋኑ ለቆኝ ነበርና የቅቤው ሽታ ገና ያን ጊዜ ገባኝ፤ እውነት ለመናገር፣ ለጎማ የሚሆን አልነበረም።

ተበልቶ አበቃ። ማርታ ማስታጠቢያውን ይዛ ዞረች፤ እኔ ጋ የደረሰችው በመጨረሻ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ውሃውን በቀስታ እያወረደች ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

“ትናንት ውሾቹ ሲከተሉህ አየሁ” አለች። “ዕቃ ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ባዶ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማታ ስገባ ሞልቷል።”

ውሃው መውረዱን አላቆመም።

“እናቴ ናት?”

ራሴን ነቀነቅሁ። ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው። አማቴ ከጎረቤት ጋር እየሳቁ ነበር። የማርታ ዓይን እንባ ሞላ፤ ዋጥ አደረገችው።

“ማወቄን እንዳትነግራት” አለች። “ዛሬ ደስ ብሏታል።”

“አልነግራቸውም።”

“አንተን ግን” አለች። ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር ግራሶ እያየች የመጨረሻዋን ጠብታ አፈሰሰችልኝ። “እንግዶቹ ይሂዱ።”

ቀና ስል ጋሽ ዳና ኮፍያቸውን አንስተው ለመሄድ ተነስተዋል። ሌላውም ነጠላውን እያስተካከለ ነው። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

“ጋሽ ዳና! ሳይጸልዩልን?”

“መሽቷል፣ ሰው ደክሞታል። አጭሩን ላድርግ?”

“ኧረ የለም” አልኩ። “ትናንት ቁልቁለቱ ላይ የጀመሩትን። ረዥሙን። ካቋረጡበት ሳይሆን ከመጀመሪያው።”

ጋሽ ዳና ቃሉን የተጠማ ሰው በማግኘታቸው ተነክተው ኮፍያቸውን መልሰው አስቀመጡ። እንግዳው እያጉረመረመ ተቀመጠ። “በመጀመሪያ ሰማይንና ምድርን የፈጠርህ…” ሲሉ ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አንድ ዓይኔን ከፈት አድርጌ አየሁ። ማርታም አልጨፈነችም።